ዴመን ስሌየር ላይ ያለው ሰይፍ እውነተኛ ነው? የጃፓን ሰይፍ ነገር የምታውቁ ኑልኝማ

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ሰሞኑን ዴመን ስሌየር የሚባለውን የጃፓን አኒሜ (ካርቱን ፊልም)፣ ልጆች በሰይፍ አጋንንት የሚዋጉበትን፣ ከመጀመሪያው ጀምረን እያየን ነው፣ አንድ ስልክ ላይ ለሁለት፣ ሰብታይትሉ ስለሚያመልጠው እኔ እያነበብኩለት። ገና 12 አመቱ ነው ጥያቄው ግን ማብቂያ የለውም። ባቡር ጣቢያው ጋ ሲደርሱ ልጆቹ ሰይፋቸውን ይደብቃሉ አይደል፣ ፖሊስ ሲያያቸው ይሮጣሉ፣ እዚህ ጋ አስቆመኝና «የሳሙራይ ሀገር ሆኖ ሰይፍ እንዴት ይከለከላል?» አለኝ። ዝም አልኩ በቃ፣ መልስ የለኝማ።

ከዛ ደግሞ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የቅድመ አያታችን ጎራዴ ተሰቅሏል፣ አባቴን አስፈቅዶ አስወረደኝና ከስልኩ ጎን አስቀምጦ ማወዳደር ጀመረ። የኛም ቆልመም ያለ ነው የነሱም ቆልመም ያለ ነው። የኛ እጀታው ቀንድ ነው፣ አጭር፣ ለአንድ እጅ እንኳን ይጠባል፣ የነሱን ግን በሁለት እጅ ነው የሚይዙት። አባቴ ድሮ ጎራዴ በቀኝ ጎን ነበር የሚታጠቁት ይላል፣ አኒሜው ላይ ግን ሁሉም በግራ። ለምን?

ሌላው ብረቱን ሺ ጊዜ ያጥፉታል የሚባለው እውነት ነው ወይ፣ ጉብጠቱንስ በመዶሻ ነው የሚያመጡት፣ ሳሙራይ ከሰይፍ ውጪ መሳሪያ አልነበረውም ወይ፣ ደሞ ያ ሰይፍ ሰሪው ሰውዬ ልጁ ሰይፉን ሰበረብኝ ብሎ ቢላዋ ይዞ የሚያባርረው ነገር... ለአንድ ብረት እንዲህ ይኮናል?

የመጨረሻ። ጎራዴው ዝጓል። አባቴ በብርጭቆ ወረቀት ልሸው ብሎ ነበር እናቴ ቆይ አለችው። ምን ይሻላል?


መካኒካል 4ኛ አመት (ኮምቦልቻ)

የጦሳ ልጅ ወንድምህን አደራ በርታ በለው፣ የጠየቀው ነገር ታሪኩን ለመረዳት ዋናው ነው። ዴመን ስሌየር የሚካሄደው በታይሾ ዘመን ነው፣ በፈረንጅ ከ1912 እስከ 1926 ያለው። ያኔ ሳሙራይ የሚባለው የጦረኛ መደብ ከፈረሰ ቆይቷል። በ1868 የሜጂ ለውጥ (ስልጣን ከጦር ገዢዎች ወደ ንጉሱ የተመለሰበት) መጣ፣ በ1876 ደግሞ ሃይቶሬ የሚባል አዋጅ ወጣና ከወታደር፣ ከፖሊስና የክብር ልብስ ከለበሰ ባለስልጣን በስተቀር ሰይፍ ታጥቆ አደባባይ መውጣት ተከለከለ። ስለዚህ ልጆቹ ባቡሩ ጋ ሲደርሱ አዋጁ ከወጣ 40 አመት ገደማ ሆኖታል፣ የነሱን ድርጅት ደግሞ ታሪኩ ውስጥ መንግስት አያውቀውም። ፖሊሱ ራሱ በዛ ዘመን በጎኑ የፈረንጅ አይነት ጎራዴ ይይዝ ነበር እኮ፣ ልጆቹ ግን አይፈቀድላቸውም። ባቡርና ኤሌክትሪክ መብራት ባለበት ከተማ ሰይፍ ደብቆ የሚሄድ ልጅ ማለት ዘመኑ ያለፈበት ነገር ተሸክሞ የሚሄድ ልጅ ማለት ነው፣ ለኔ የታሪኩ ግማሽ ውበት እዛ ላይ ነው ያለው።

ወደ ብረቱ ልምጣ፣ እኔ የምወደው እሱን ነው። ሺ ጊዜ አይታጠፍም። አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ነው። ግን ወረቀት አምጣና ከወንድምህ ጋር አስሉት፣ አንዴ ሲታጠፍ 2 ድርብ፣ ሁለቴ 4፣ ሦስቴ 8 እያለ 10 ላይ 1,024 ይሆናል፣ 15 ላይ 32,768። ሺ የሚባለው ከድርቡ የመጣ ነው። የሚታጠፈውም ሰይፉ ተአምረኛ እንዲሆን አይደለም፣ ብረቱ ከመነሻው ወጥ ስላልሆነ ነው። ጃፓን የሰይፍ ብረት የምታወጣው ከብረት አሸዋ ነው፣ ታታራ በሚባል የጭቃ ምድጃ ውስጥ አሸዋውንና ከሰሉን እያፈራረቁ 3 ቀን 3 ሌሊት ሳያጠፉ ያነዱታል፣ ወደ 10 ቶን አሸዋና ወደ 12 ቶን ከሰል ይገባና 2.5 ቶን ገደማ የሚሆን አንድ ትልቅ ጓል ይወጣል፣ ምድጃውን አፍርሰው ነው የሚያወጡት። ከሱ ውስጥ ተለቅሞ ነው ታማሃጋኔ የሚባለው ጥሩው ብረት የሚገኘው። ሺማኔ በሚባለው ክፍለ ሀገር ኦኩኢዙሞ ላይ በ1977 እንደገና የተለኮሰ ታታራ አለ፣ የዛሬ ሰይፍ ሰሪዎችም ብረት የሚያገኙት ከሱ ነው። እንግዲህ ይሄ ጓል አንዱ ጎኑ ካርበን ይበዛበታል አንዱ ጎኑ ያንሰዋል፣ መሀል መሀሉ ቆሻሻ አለው፣ ሲታጠፍና ሲቀጠቀጥ ቆሻሻው ከብልጭታው ጋር ይወጣል ካርበኑም ይዳረሳል። ልክ እንደ ሊጥ ማሸት ነው።

ጉብጠቱ ደግሞ... ይሄን መጀመሪያ ስሰማ ሌሊቱን ሙሉ ስለሱ ሳነብ ነው ያደርኩት። መዶሻ የሚያመጣው ትንሹን ነው። ሰሪው ሰይፉን ቀጥ አድርጎ ወይ ትንሽ ጎበጥ አድርጎ ይጨርስና ጭቃ ይቀባዋል፣ ጀርባው ላይ ወፈር አድርጎ ስለቱ ላይ ሳሳ አድርጎ፣ ከዛ ያግልና ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ስስ ጭቃ ያለበት ስለት ባንዴ ይቀዘቅዝና ማርተንሳይት ይሆናል፣ ማርተንሳይት ጠንካራ ነው፣ ከመጀመሪያው ብረት ይልቅም ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ጀርባው ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ስለቱ ረዝሞ ጀርባው ሳይረዝም ሲቀር ሰይፉ ራሱን ወደ ጀርባው ይቆለምማል፣ እዛው ውሃው ውስጥ በሰከንዶች! ስለቱ ላይ የምታዩት ሞገድ የመሰለ ነጣ ያለ መስመር ሃሞን ይባላል፣ የጠንካራውና የለስላሳው ድንበር ነው። ብረቱ እዛች ቅጽበት ላይ ከተሰነጠቀ የብዙ ቀን ልፋት አለቀ።

እኛ ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ አንዴ የድሮ ሞረድ ቁራጭ አግለን ውሃ ከተትነው፣ ከዛ ሲሚንቶው ላይ ስንጥለው እንደ ብርጭቆ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሙሉ ሰይፍ እንደዛ ቢጠነክር የመጀመሪያው ምት ላይ ያልቅ ነበር። ካታና (ይሄ የሳሙራይ ሰይፍ) ብረት ይቆርጣል ድንጋይ ይሰነጥቃል የሚባለውን ተውት፣ ጠንካራ ነገር ካገኘ ስለቱ ይሸራረፋል፣ ይጎብጣልም። ደሞ ከባድ አይደለም፣ አብዛኛው ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ነው። አኒሜው ላይ ያለው ቀለሙ የሚቀያየረው ሰይፍና ፀሀይ ከምትቀርበው ተራራ የመጣው ብረት ፈጠራ ነው፣ የብረት አሸዋው ግን እንዳልኳችሁ እውነት ነው።


የቀጥቃጭ ልጅ

ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው ዛሬ ግን ልጻፍ ብዬ ነው። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር ከደሴ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ በኩል፣ ነፍሱን ይማርና። ማጭድ፣ ማረሻ፣ መጥረቢያ፣ ቢላዋ ይሰራል፣ ብረቱ የመኪና ባሌስትራ ነው፣ ሰኞ ገበያ ነበር የሚሸጠው። እኔ ወናፍ ነፊው ነበርኩ፣ ሁለት የፍየል ቆዳ፣ ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ።

መካኒካሉ የጻፈውን ሳነብ እጄ ነው የተንቀጠቀጠው ወላሂ። አባቴ ማጭዱን አግሎ ውሃ ሊያስነካው ሲል «በሩን ዝጋ» ይለኝ ነበር። ለምን አይለኝም፣ በሩን ዝጋ ብቻ። ጠዋት ፀሀይ በበሩ ገብታ ፍሙ ላይ ካረፈች የብረቱ ቀለም አይታይም፣ ቀለሙ ካልታየ ሙቀቱን በምን ይለካል ቴርሞሜትር የለውም። አሁን የጃፓን ሰይፍ ሰሪዎች ያንን የመንከር ስራ ሲሰሩ ቤቱን አጨልመው እንደሆነ ቪዲዮ ላይ አየሁ፣ ለዛው ለቀለሙ ብለው። ባህር ማዶ ያለ ሰው አባቴ የሚያደርገውን ሲያደርግ ማየት እንዴት እንደሚያደርግ ልነግራችሁ አልችልም።

ደሞ ስለቱን ብቻ ነው ውሃ የሚያስነካው። ጉጠቱን ዘንበል አድርጎ በስለቱ በኩል ጣል፣ ጭስ ይላል፣ ያወጣዋል፣ ያየዋል፣ ጀርባው ገና ቀይ ነው። ጀርባውንም ካጠጣኸው አጨዳ መሀል ገበሬው እጅ ላይ ይሰበራል ይለኝ ነበር። ማርተንሳይት የሚባል ቃል ሳይሰማ ነው የሞተው፣ ነገሩን ግን ያውቀዋል።

አሁን ስለ ሰይፍ ሰሪዎቹ። መንደራቸው ላይ ሁሉም የሚያጠልቁት አፉ ሞጥሞጥ ብሎ ወደ ጎን የተጣመመ ጭምብል አለ አይደል፣ ሂዮቶኮ ነው የሚባለው፣ አኒሜው የፈጠረው አይደለም የቆየ የጃፓን ጭምብል ነው። ስሙ የመጣው «የእሳት ሰው» ከሚል ቃል ነው ይላሉ፣ አፉ የሞጠሞጠው በቀርከሃ ቱቦ እሳት ስለሚነፋ። ወናፍ ነፊ ማለት እኮ ነው! እኔ ማለት ነው።

እና የጦሳ ልጅ፣ «ለአንድ ብረት እንዲህ ይኮናል?» ላልከው። ይኮናል ወንድሜ። ጃፓን ውስጥ ሰሪው እጀታው ውስጥ በሚገባው የሰይፉ ጭራ ላይ ስሙን ይቀርጻል፣ ሀገሩን ይቀርጻል፣ አንዳንዱ ቀኑን ሳይቀር። ሙራማሳ የሚባለው ከ500 አመት በፊት የነበረ ሰሪ ስሙ ዛሬም ይጠራል። ማሳሙኔ ደግሞ ከሱም 200 አመት ይቀድማል፣ አብዛኛው ስራው ላይ አልፈረመም እንኳን፣ ግን ብረቱን አይተው የሱ እጅ ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት «የቡዳ ልጅ» እየተባልኩ ነው ያደኩት። አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፍቶ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ብቻዬን ሁለት አመት ተቀምጫለሁ፣ የሚሰድቡኝ ልጆች አባቶች ግን በአባቴ ማጭድ ነበር የሚያጭዱት። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር፣ አዋጁ ቦሩ ሜዳ ሳይደርስ ቀረ መሰለኝ። አባቴ አንድም ስራው ላይ ስሙን አልጻፈም፣ መጻፍም አይችልም፣ ቢችልም ማን ያስጽፈዋል። ስለዚህ ያ ሰውዬ ቢላዋ ይዞ ሲያባርር ሰው ይስቃል እኔ ግን ሰይፉ ስም እንዳለው፣ ሰሪውም ስም እንዳለው ነው የሚታየኝ።


መምህርቷ (ኮምቦልቻ)

የቀጥቃጭ ልጅ አብሽር ወንድሜ፣ አባትህን ነፍሳቸውን ይማርልን። የጻፍከውን ነገ ለተማሪዎቼ ላነብላቸው ነው፣ ካልፈቀድክ ንገረኝ።

እኔ ታሪክ ነው የማስተምረው፣ ስለ ጦር መሳሪያው ትንሽ ልጨምር። አኒሜ ስናይ ሳሙራይ ማለት ሰይፍ ይመስለናል፣ ግን መጀመሪያ ሳሙራይ ማለት ፈረስ ላይ ሆኖ ቀስት የሚወረውር ሰው ነበር። ሙያቸውን ራሳቸው «የቀስትና የፈረስ መንገድ» ነበር የሚሉት። ቀስታቸው ከ2 ሜትር በላይ ነው፣ የሚያዘው ደግሞ መሀሉ ላይ አይደለም ከመሀሉ ዝቅ ብሎ ነው፣ ከላይ ረጅም ከታች አጭር፣ ፈረሱ አንገት ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ለማዞር ይመቻል። በ1274 እና በ1281 (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) ሞንጎሎች በመርከብ ሲመጡባቸው የገጠሟቸው እነዚህ ባለ ቀስቶች ናቸው። የዛን ጊዜው ሰይፍ ታቺ ይባላል፣ ስለቱ ወደ ታች ሆኖ ከወገብ ይንጠለጠላል ለፈረሰኛ እንዲመች። ካታና ቆይቶ የመጣ ነው፣ ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ መቀነት ውስጥ ይሻጣል፣ ስለዚህ መምዘዙና መቁረጡ አንድ እንቅስቃሴ ይሆናል። ቀኝ እጅ እንዲመዘው በግራ ጎን ነው።

የኛ በቀኝ የሆነበትን እኔ እንደምረዳው በጋሻው ነው። ግራ እጅ ጋሻ ይዟል፣ ሰይፉን በቀኝ ጎን ካደረግከው ጋሻና አፎት አይጋጩም። ሳሙራይ ግን የእጅ ጋሻ የለውም፣ ቀስት ሁለት እጅ ይፈልጋላ፣ ትከሻው ላይ የሚንጠለጠሉት ሰፋፊ ሳህን የመሰሉት ነገሮች ናቸው ጋሻው። ከዛ በኋላ ሰይፉንም በሁለት እጅ ያዘው። አያችሁ፣ ወንድምህ ያየው የእጀታ ልዩነት ከዚህ ነው የመጣው።

በኋላ ጦርነቱ የብዙ እግረኛ ሲሆን ደግሞ ጦር ነገሰ፣ የእግረኛው ጦር 5 እና 6 ሜትር የሚደርስም ነበረው። ናጊናታ የሚባል ረጅም ዘንግ ጫፉ ላይ ቆልማማ ስለት ያለውም አለ፣ የሳሙራይ ቤት ሴቶች የሚሰለጥኑበት እሱ ነበር። በ1543 ፖርቹጋሎች ታኔጋሺማ የምትባል ደሴት ላይ ጠብመንጃ ይዘው ደረሱ፣ ጃፓኖቹ ወዲያው ራሳቸው መስራት ጀመሩ። ማን ሰራው? ሰይፍ ሰሪዎቹ ናቸዋ! በ1575 ናጋሺኖ ላይ ኦዳ ኖቡናጋ የሚባለው የጦር መሪ ከእንጨት አጥር ጀርባ ባለ ጠብመንጃዎቹን አሰልፎ የጠላቱን የታኬዳን ቤት ፈረሰኞች ጣላቸው። በ1588 ደግሞ ከሱ በኋላ የገዛው ሂዴዮሺ ከገበሬው ሰይፍና ጦር ይሰብሰብ ብሎ አዘዘ፣ ብረቱ ለትልቁ የቡድሃ ሀውልት ሚስማርና ማያያዣ ይሆናል ተብሎ ነበር። ሁለት ሰይፍ፣ አንድ ረጅም አንድ አጭር፣ መታጠቅ የሳሙራይ ብቻ መለያ የሆነው ከ1603 በኋላ የቶኩጋዋ ቤተሰብ በገዛበት ዘመን ነው፣ የሚገርመው ያ ዘመን ከ200 አመት በላይ አብዛኛው ሰላም ነበር። ሰይፉ በጦርነት የሰራው ስራ ሲቀንስ ነው ክብሩ የጨመረው።

አንድ ነገር ሁሌ ክፍል ውስጥ የምናገረው፣ ያ 1868 የሜጂ ለውጥ የመጣበት አመት አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያለፉበት አመት ነው። እዚሁ ወሎ። ጋፋት ላይ የተሰራው ሴባስቶፖልም እዛው መቅደላ አምባ ላይ አለ። ሁለት ሀገር በአንድ አመት፣ ሁለቱም የብረት ጥያቄ ይዘው።


የዞሮ አድናቂ

ኧረ ዋን ፒስ የሚባለውን አኒሜ አትርሱት! እዛ ላይ ያለው ሰይፈኛ ዞሮ የሚይዛቸው ሰይፎች ላይ ያለው ደረጃ፣ 12 ምርጥ፣ 21 ትልልቅ፣ 50 ጥሩ የሚባለው እውነተኛ ምንጭ አለው። በ1797 የወጣ የሰይፍ መጽሐፍ ላይ ነው፣ ቁጥሮቹ ራሱ 12፣ 21፣ 50 ናቸው። ልዩነቱ እውነተኛው ደረጃ የተሰጠው ለሰይፎቹ ሳይሆን ለሰሪዎቹ ነው (የቀጥቃጭ ልጅ ይሄን ስማ)። የሰይፉ ስለት የሚፈተነው ደግሞ በሞት በተቀጡ ወንጀለኞች ሬሳ ላይ ነበር፣ ያማዳ የሚባል ቤተሰብ ነበር ይሄ ስራው፣ ከባድ ነገር ነው። ከምርጦቹ 12 አንዱ ኮቴትሱ ነው፣ ሰይፍ ከመጀመሩ በፊት የብረት ቆብና ጥሩር ሰሪ ነበር፣ ኪቴትሱ የሚለው የዞሮ ሰይፍ ስም ከሱ ጋር ይመሳሰላል አይደል።


መካኒካል 4ኛ አመት (ኮምቦልቻ)

መምህርት ጠብመንጃውን እነሱ መስራታቸውን አላውቅም ነበር አመሰግናለሁ።

የጦሳ ልጅ ስለ ዝገቱ ረሳሁት፣ እናትህ ልክ ናት፣ ብርጭቆ ወረቀት አታስነኩት! በብርጭቆ ወረቀት ከላሸከው ቅርጹም ጽሁፉም አብሮ ይሄዳል፣ የሄደ አይመለስም። ጃፓን ሰይፍ የሚሞርደው ሌላ ባለሙያ ነው፣ ሰሪው አይደለም፣ በድንጋይ ከሻካራው ወደ ልስላሴው እያለ ቀናት ይፈጅበታል፣ አፎቱንም ሌላ ሰው ነው የሚሰራው። እጀታው ውስጥ ያለውን ጭራ ደግሞ ጨርሶ አይነኩትም፣ የዛ ዝገት ቀለም ነው እድሜውን የሚናገረው። አንተ በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ አቧራውን ጥረግ፣ ቀጭን የማሽን ዘይት ጠብታ አድርገህ በስሱ ቀባው፣ ትርፉን ጥረግ፣ ስለቱን በባዶ እጅ አትንካ ላብ ያዝገዋል። እነሱ የሚቀቡት ዘይት ውስጥ ቅርንፉድ አለበት፣ ሽታው ሻይ ቤት ነው የሚመስለው። አፎቱ ቆዳ ከሆነ ደግሞ ውስጡ አታክርመው፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የደሴ ጉም ታውቀዋለህ።


የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ለወንድሜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት፣ ወረቀቱን እስከ 6 ድረስ አጥፎ ከዛ እምቢ አለው፣ 32,768 ግን ደብተሩ ላይ ጽፎታል።

ዛሬ ከሰአት ከአባቴ ጋር ጎራዴውን መስኮቱ ጋ አምጥተን በጨርቅ ጠረግነው ዘይትም ቀባነው። ዝገቱ ስር አንበሳ ወጣ፣ ከጎኑ የፈረንጅ ፊደል አለ ግማሹ አይነበብም። ለካ ስለቱ ከአውሮፓ የመጣ ነው፣ በዛ ዘመን ብዙው እንደዛ ነበር አሉ። ወንድሜ ትንሽ ከፋው የኛ ሀገር ስራ መስሎት ነበር። ከዛ ራሱ ነው ያየው፣ እጀታው ስር ስለቱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ተሰብሮ ተጠግኗል፣ ሁለት የብረት ሳህን ከግራና ከቀኝ ተጣብቆበት በሦስት የመዳብ ችንካር ተመቷል። የመዶሻው ምት ይታያል፣ በጣት ሲነካ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። ያ ከአውሮፓ አልመጣም። እሱ ጥገና ባይኖር ጎራዴው እኛ ጋ አይደርስም ነበር።

የቀጥቃጭ ልጅ አንተን አስቤ አባቴን ማነው የጠገነው አልኩት። «አንድ ጠይብ ነው» አለኝ። ስሙስ አልኩት፣ ዝም አለ። ቆየት ብሎ ትልቋ አክስቴ ታውቅ ይሆናል፣ ልጅ ሆና ሲያስጠግኑት አብራ ሄዳ ነበር አለ። ሰኞ ለገበያ ትመጣለች፣ ወንድሜ ከአሁኑ ደብተሩ ላይ ከ32,768 ስር ክፍት ቦታ ትቶ እየጠበቃት ነው።